ባንኩን የሚጠብቀው ቦርድ

ከመገናኛ ወደ ኮተቤ የሚሄድ ሰው የባንክ ቅርንጫፍ ሳያይ ብዙ አይርቅም። ገንዘቡን የሚያስረክበው በመስኮቱ ላለችው ሠራተኛ ነው፤ የገንዘቡ ዕጣ ግን የሚወሰነው በዳይሬክተሮች ቦርድ ነው።

የግል ባንክን ቦርድ ባለአክሲዮኖች በጠቅላላ ጉባኤ ይመርጡታል፤ ብሔራዊ ባንክም ያጸድቀዋል። ቦርዱ ፖሊሲ ያወጣል፣ ፕሬዚዳንቱን ይሾማል፣ የውስጥ ኦዲትን ሪፖርት ይመረምራል። ከሁሉ በላይ ባንኩ ለራሱ ሰዎችና ለዘመዶቻቸው ያለ አግባብ እንዳያበድር ይጠብቃል። በ2017 ዓ.ም የተሻረው አዋጅ ቁጥር 592/2000 ከመንግሥት በቀር ማንም ከአንድ ባንክ አክሲዮን ከ5 በመቶ በላይ እንዳይይዝ ገደብ ማበጀቱም ባንክ የጥቂቶች ካዝና እንዳይሆን ይረዳ ነበር።

ቁጥጥር ሲጎድል ኪሳራው ፈጣን ነው። በመጋቢት 2016 ዓ.ም በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ በተፈጠረ ችግር 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ያለ አግባብ ወጥቷል፤ አብዛኛው በኋላ ተመልሷል።

ሰፊውን ሕዝብ ደንበኛ አለማድረግ ደግሞ ቀስ ብሎ ይጎዳል። ምኒልክና ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው በቆረቆሩት አዲስ አበባ በየካቲት 1898 ዓ.ም የተመረቀውን የአቢሲኒያ ባንክ (ከዛሬው ሞክሼው የተለየ ነው) የሚመራው የካይሮው የግብጽ ብሔራዊ ባንክ ነበር። ተፎካካሪ የሌለው ብቸኛ ባንክ ሆኖ ሳለ እስከ 1906 ዓ.ም ድረስ አላተረፈም። የማቋቋሚያውና የኃላፊዎቹ ጉዞ ወጪ ከባድ ነበር፤ ሕዝቡም ለባንክ እንግዳ ነበር። በ1923 ዓ.ም ፈርሶ በኢትዮጵያ ባንክ ተተካ።

ዛሬ ማኅበራዊ ኃላፊነት ሲባል ችግኝ ተከላና ለትምህርት ቤት የሚሰጥ ልገሳ ይታወሰናል። መልካም ነው። ትልቁ ኃላፊነት ግን ያለው በብድር መዝገቡ ውስጥ ነው። ከእንጦጦ ጭራሮ ተሸክማ የምትወርድ እናት ሥራ ለመቀየር ብታስብ በዋስትና የምታስይዘው ቤት የላትም፤ ዕቁቧን ግን ሳታጓድል ትጥላለች። ይህን ታማኝነት መመዘን የቻለ ባንክ አዲስ ደንበኛ ያፈራል፤ ብድሩም በጥቂት ትልልቅ ተበዳሪዎች ላይ ከመከመር ይድናል። ኃላፊነቱ ትርፍ የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው።

አዋጅ ቁጥር 1360/2017 ለውጭ ባንኮች በር ከፍቷል፤ ፉክክሩ ይበረታል። ስለዚህ ባለአክሲዮኖች በቀጣዩ ጉባኤ የትርፍ ድርሻችን ስንት ነው ብለው ብቻ አይመለሱ። ለራሳችን ሰዎች ምን ያህል አበደርን? ቤት ለሌለውስ? ብለው ይጠይቁ፤ መልሱንም በቁጥር ይቀበሉ።