በልጆች የትውስታ ፈተና ስለ ነጥብ አቈጣጠር

ልጅ ተፈትኖ ነጥቡ አንሶ ሲገኝ፤ ወላጆች ሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁት ስለ ልጁ ስንፍና ነው፤ ነጥቡ በምን መንገድ እንደ ተቈጠረ የሚጠይቁ ግን ጥቂቶች ናቸው። ስለዚህ ዛሬ ይህን ነገር ለአንባቢዎቻችን በአጭሩ ልንገልጽ ወደድን።

ሊቃውንት የሥራ ትውስታ የሚሉት፤ ሰው አንድን ነገር ለጥቂት ጊዜ በልቡ ይዞ ሳለ በዚያው ጊዜ የሚያስብበትን ኃይል ነው። ዳዊት የደገመ ተማሪ በቃሉ ያጠናው ለዘመናት ይቀመጥለታል፤ ሒሳብ በልቡ የሚያወጣ ሰው ግን ቍጥሩን የሚይዘው ሥራው እስኪፈጸም ድረስ ብቻ ነው።

ዮሴፍ ጃኮብስ የተባለው ሊቅ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1887 ዓ. ም. ተማሪዎች ሰምተው በተራው ሊመልሱት የሚችሉትን የቍጥር ብዛት መረመረ። በ1980 ዓ. ም. ደግሞ ዳኔማንና ካርፔንተር የተባሉ ሁለት ሴቶች ሊቃውንት፤ ተፈታኙ ዓረፍተ ነገሮችን ድምፁን አሰምቶ እያነበበ የየአንዳንዱን መጨረሻ ቃል እንዲያስታውስ የሚያዝ ፈተና አወጡ።

ከአቈጣጠሮቹ መካከል ሁለቱ የታወቁ ናቸው። በፊተኛው፤ ዝርዝሩ ሳይጐድል በሙሉ ከተመለሰ በቃሎቹ ልክ ነጥብ ይሰጣል፤ አንድ ቃል ቢጐድል ግን ምንም አይሰጥም። በሁለተኛው፤ በስፍራው ለተመለሰው ለያንዳንዱ ቃል ዋጋ ይሰጣል።

ለምሳሌ ሁለት ወንድማማቾች እያንዳንዱ 5 ቃል ባለበት በ3 ዝርዝር ተፈተኑ እንበል። ታላቁ አንዱን ዝርዝር በሙሉ፤ ከቀሩት ግን ሁለት ሁለት ቃል መለሰ። ታናሹ ከሦስቱም አራት አራት ቃል መለሰ። በፊተኛው አቈጣጠር ታላቁ 5፤ ታናሹ 0 ያገኛሉ። በሁለተኛው ግን ከ15 ታላቁ 9፤ ታናሹ 12 ያገኛሉ። ልጆቹም መልሳቸውም ያው ሲሆን፤ ብልጫው ከአንዱ ወደ ሌላው ተዛወረ።

ኮንዌይና ባልደረቦቹ ይህን መርምረው በ2005 ዓ. ም. ሁለተኛው አቈጣጠር እንዲመረጥ መከሩ፤ ፊተኛው በከፊል የታወሰውን ሁሉ ስለሚጥል፤ በሰውና በሰው መካከል ያለውን ልዩነት አጥርቶ አያሳይምና።

በችሎትም ቢሆን ምስክር አንዲት ቃል ስለ ሳተ የተናገረው ሁሉ ከንቱ ነው አይባልም። እንግዲህ ወላጆች ሆይ፤ የልጃችሁን ነጥብ የያዘ ወረቀት በቀረበላችሁ ጊዜ፤ ልጁን ከመገሠጻችሁ አስቀድሞ አቈጣጠሩን ትጠይቁ ዘንድ እናሳስባለን። ሰነፍ የሚል ስም አንድ ጊዜ ከወጣ በኋላ፤ ከልጅ ልብ ለመፋቅ እጅግ አስቸጋሪ ነውና።