በነጥብ የሚጀምሩ ፎልደሮች

ሊነክስ በተጫነበት ኮምፒውተር ላይ የራስዎን ፎልደር ሲከፍቱ ሰነዶች፣ ፎቶዎች፣ ሙዚቃና ከኢንተርኔት ያወረዷቸው ፋይሎች ይታያሉ። ከነዚህ ጋር ግን ዓይን የማያያቸው ሌሎች ፎልደሮች አሉ። ስማቸው የሚጀምረው በነጥብ ነው። ፕሮግራሞች የእርስዎን ምርጫ፣ የይለፍ ቁልፍና ታሪክ የሚያስቀምጡት እዚያ ነው። የፋይል ማሳያውን ከፍተው ኮንትሮልን ከኤች ጋር ሲጫኑ ብቅ ይላሉ።

በነጥብ የመሰወር ልማዱ የመጣው ዩኒክስ ከተባለው የቆየ ሥርዓተ ክወና ነው። በዩኒክስ እያንዳንዱ ፎልደር ውስጥ ሁለት ምልክቶች አሉ፤ አንድ ነጥብ ፎልደሩን ራሱን፣ ጎን ለጎን የተጻፉ ሁለት ነጥቦች ደግሞ ከበላዩ ያለውን ያመለክታሉ። የፋይል ዝርዝር የሚያወጣው ፕሮግራም እነዚህን እንዳያሳይ ሲፈለግ፣ የስሙን የመጀመሪያ ምልክት ብቻ የሚመረምር አጭር መፍትሔ ተጻፈ። በዚህም በነጥብ የሚጀምር ስም ሁሉ አብሮ ተሰወረ። ከዩኒክስ ሠሪዎች ጋር በቤል ላብራቶሪ የሠራው ሮብ ፓይክ፣ ነገሩ ታስቦበት የተደረገ ሳይሆን ከስህተት የተወለደ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ2012 ጽፏል። የላብራቶሪው ሰዎች ኋላ የሠሩት ፕላን 9 የተባለው ሥርዓተ ክወና የግል ማስተካከያዎችን የሚያኖረው በግልጽ በሚታይ ፎልደር ነው።

የፕሮግራሞች ቁጥር ሲበዛ እያንዳንዱ የየራሱን ስውር ፎልደር እየፈጠረ የተጠቃሚውን ፎልደር አጣበበው። ፍሪዴስክቶፕ የተባለው ማኅበረሰብ እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጣው ደንብ ይህን ለማስተካከል ሞከረ፦ ማስተካከያ «ነጥብ ኮንፊግ» ውስጥ፣ ቋሚ መረጃ «ነጥብ ሎካል» ውስጥ፣ ቢጠፋ ተመልሶ የሚሠራ ጊዜያዊ ነገር «ነጥብ ካሽ» ውስጥ እንዲገባ። ዊንዶውስም «አፕዳታ» የተባለውን ፎልደር ይሰውራል፤ አፕል ደግሞ የተጠቃሚውን «ላይብረሪ» ፎልደር እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ሰውሯል።

መሰወሩ ጥቅም አለው። በየቀኑ የማንነካው ነገር ከዓይን ገለል ሲል ሥራችን ይቀላል፣ ሳናውቅ የመሰረዝ አደጋውም ይቀንሳል። ነገር ግን መሰወር መጠበቅ አይደለም። ነጥቧ ማንንም አትከለክልም፤ ከሌላ ሰው ዓይን የሚከላከለው የፋይል ፈቃድ ወይም ምስጠራ ነው።

ትልቁ ጉዳት የሚመጣው ኮምፒውተር ሲቀየር ነው። የሚታየውን ሁሉ መርጠን ወደ ፍላሽ ስንገለብጥ፣ ያልታየው እዚያው ይቀራል፤ የኢሜይል መዝገብ፣ የሰርቨር መግቢያ ቁልፍ፣ የዓመታት ማስተካከያ ከአሮጌው ኮምፒውተር ጋር አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ከመገልበጥዎ በፊት የተሰወሩትን ያሳዩ፤ «ካሽ»ን ትተው የቀረውን ይያዙ።

ለፕሮግራም ጸሐፊዎችም አንድ መለኪያ በቂ ይመስለኛል፦ ሰውየው በእጁ የሠራው ነገር ይታይ፤ ፕሮግራሙ ለራሱ ሲል የጻፈው ይሰወር፤ ሁለቱም የት እንዳሉ ግን ለባለቤቱ በግልጽ ይነገረው። ፋይሉ የባለቤቱ ነውና፣ ቦታውን ማወቅም መብቱ ነው።