በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ፦ እውነት ወይስ ተረት?

ተረቱን የማያውቅ የለም። ልጁ ከጎረቤት እንቁላል ሰርቆ ሲመጣ እናቱ ዝም ብላ ትቀቅልለታለች። ከእንቁላል ወደ ዶሮ፣ ከዶሮ ወደ በግ፣ ከበግ ወደ በሬ ይሸጋገራል። በመጨረሻ ተይዞ ሊሰቀል ሲል «እማዬ፣ ጠጋ በይማ፣ በጆሮሽ የምነግርሽ አለኝ» ይላትና ጆሮዋን ነክሶ ይቆርጠዋል። «በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ!»

ጎጃም ውስጥ አማኑኤል ከተማ፣ መናኸሪያው አጠገብ፣ አንድ የ13 ዓመት ልጅ ከሱቅ የባትሪ ድንጋይ ይዞ ሲሮጥ ሲያዝ ቆሜ ነበር። «ግረፈው» የሚል ነበር፤ «ፖሊስ ይጠራ» የሚልም ነበር። አንድ አዛውንት ያችኑ ተረት ሲያነሡ ግን ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እኔ ልጅ ሳለሁ የጎረቤታችንን እንቁላል ስንቴ ከዶሮዋ ሥር እንዳነሣሁ ትዝ አለኝና አብሬ መነቅነቅ አቃተኝ። በሬ ላይ ሳልደርስ ነው የቀረሁት።

ተረቷ ሁለት ነገር ታስተምራለች። እንቁላል የሰረቀ በሬ መስረቁ አይቀርም፤ የሚያስቆመው ደግሞ ዱላ ነው። ሁለቱም ከተረትነት አያልፉም።

የመጀመሪያውን እንይ። አሜሪካ ውስጥ ቦስተን አካባቢ የነበሩ 500 ወንዶች ልጆች፣ በልጅነታቸው በስርቆትና በመሰል ጥፋት ማረሚያ ገብተው የወጡ፣ ግሉክ በሚባሉ ባልና ሚስት ተመራማሪዎች ለዓመታት ተጠንተው ነበር። መዝገባቸው በብዙ ካርቶኖች ታሽጎ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ምድር ቤት ውስጥ አቧራ ሲጠጣ ኖረ። ሮበርት ሳምፕሰንና ጆን ላውብ የተባሉ ምሁራን ካርቶኖቹን ከፍተው፣ በሕይወት ያሉትን አፈላልገው፣ የእነዚያን ልጆች ኑሮ እስከ 70 ዓመታቸው ተከታተሉት። አብዛኞቹ ትተውታል። ዘግይተው የተዉ አሉ፤ ጥቂቶች እስከ ሽምግልና ቀጥለዋል፤ የባሱት እንኳ ዕድሜያቸው ሲገፋ እየቀነሱ ሄደዋል። ምን አስተዋቸው? ዱላም ስብከትም ሆኖ አልተገኘም። ቋሚ ሥራ፣ የምትቆጣጠር ሚስት፣ ውትድርና፣ ከድሮ ጓደኛ ሰፈር መራቅ ነው። ባጭሩ፣ ቢሰርቅ የሚያጣው ነገር ማግኘቱ ነው።

ይህ ለእኛ እንግዳ አይመስለኝም። «ሚስት ያገባ እንደሆን ይረጋጋል» የሚሉ እናቶች መጽሐፍ ሳያገላብጡ ደርሰውበታል። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ልጅን ከሰው ጋር ከሚያስሩት ገመዶች ትልቁ ትምህርት ቤት ነው፤ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን በአማራ በተነሣው ጦርነት ምክንያት የተዘጋውን ትምህርት ቤት ቁጥር ሳስብ፣ መናኸሪያ ስለሚውለው ልጅ «ዓመሉ ነው» ማለት ይከብደኛል።

ዱላውስ? መንግሥትም በአንድ ወቅት አምኖበት ነበር። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ዳኛ ልጅን እስከ 12 በሚደርስ የበትር ግርፋት እንዲቀጣ ይፈቅድ ነበር። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ግን ይህን ቅጣት ትቶታል። «ዱላው ቢቀር ማስፈራራት ይሠራል» የሚል ካለ፣ ያም ተሞክሯል። ኒው ጀርሲ ውስጥ የዕድሜ ልክ እስረኞች ጥፋት የጀመሩ ልጆችን እስር ቤት አስገብተው እየጮኹባቸው የሚያስደነግጡበት ፕሮግራም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 ፊልም ተሠራበትና ኦስካር ወሰደ፤ ሌሎች ከተሞችም ቀዱት። በኋላ ልጆቹን በዕጣ ለሁለት ከፍለው ያነጻጸሩ 9 ሙከራዎች ባንድ ላይ ሲመረመሩ፣ ፍርሃቱን የቀመሱት ምንም ካልተደረገላቸው ልጆች ይልቅ ብሰው ተገኙ። እስረኛው የሚያስፈራ ሲመስለን፣ ለልጁ ጀግና ሆኖ ታይቶት ሊሆን ይችላል።

«ማረሚያ ቤት ገብቶ ይማር» ለሚለው ብዙ አልደክምም። ከአህያ የዋለች ጊደር ምን ተምራ እንደመጣች ይታወቃል። ሕጉም ያውቀዋል። ዕድሜው 9 ዓመት ያልሞላ ልጅ በወንጀል አይጠየቅም። ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለው እንደ አዋቂ አይቀጣም፣ ከአዋቂ ወንጀለኛም ጋር አይታሰርም። ዳኛው ሊገሥጸው፣ ክትትል እየተደረገለት እንዲማር ሊያዝ፣ ወይም ወደ ጠባይ ማረሚያ ተቋም ሊልከው ይችላል። እርምጃው ሲወሰድበትም በወንጀል እንደተቀጣ አይቆጠርም። ስሙ ሳይጎድፍ ይውጣ ማለት ነው። የ1954ቱ የሥነ ሥርዓት ሕግ ጉዳዩ በዝግ ችሎት እንዲታይ ያዘዘውም ለዚሁ ይመስለኛል።

ሕጉ ስሙን ቢሸፍንለትም ሰፈሩ አይሸፍንለትም። እኔን የሚከነክነኝ ይህ ነው። ጎጃም ለሽፍታ በር አለው። ሰው ገድሎ በረሃ የወረደ በሽማግሌ ይገባል፤ ድንጋይ ተሸክሞ ከሟች ወገን እግር ይወድቃል፤ ካሳ ይከፈላል፣ ደም ይደርቃል። በማግሥቱ «አቶ እገሌ» ተብሎ ለሠርግ ይጠራል። ከዚያም አልፎ፣ ቋራ ላይ የሸፈቱት ካሣ ኃይሉ በ1847 ዓ.ም. ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው ነግሠዋል። ለባትሪ ድንጋይ የሚቀመጥ ሽማግሌ ግን የለም። ገዳይ የሚታረቅበት አገር ሌባ ልጅ የሚታረቅበት ወግ አልሠራም፤ ያለው «ያ ሌባ» የሚል ስም ብቻ ነው። ስሙ ከተለጠፈ ደግሞ ከድሮ ጓደኞቹ በቀር የሚያስጠጋው አይኖርም። ከእንቁላል ወደ በሬ የሚወስደው መንገድ ብዙ ጊዜ ይህ ነው።

የመናኸሪያው ልጅ ዕድል ቀናው። ጎማ ጠጋኙ፣ ሰውየው የሚያወራ ዓይነት አይደለም፣ ከተሰበሰበው ሰው መካከል ወጥቶ ባለሱቁን ወደ ጎን ሳበውና «ዋጋውን እኔ ልስጥህ፤ ልጁ ሠርቶ ይከፍለኛል» አለው። ልጁ ጎሚስታው ቤት ውሃ ሲቀዳ፣ ጎማ ሲያንከባልል ከረመ። ጥቂት ወራት እንዳለፉ ሰውየው የገንዘቡን ቦርሳ ልጁ ወገብ ላይ አሠረው። ማታ ማታ ብሩን አብረው ይቆጥሩ ነበር። አንድ ማታ ሰውየው «ዛሬ ደክሞኛል፣ አንተ ቁጠርና ንገረኝ» አለ። ከዚያ ወዲህ አብሮት ቆጥሮ አያውቅም። ልጁን «ያኔ እኮ ልትሸሽ ትችል ነበር» ብለው፣ «ጋሼ፣ ወዴት?» አለኝ።

ባትሪ የተሰረቀበት ባለሱቅ የሞተሩን ጎማ የሚያስጠግነው እዚያው ነው። ጎማ ጠጋኙ ከሌለ ሒሳቡን ሳይከፍል «ነገ እመጣለሁ» ብሎ ይሄድ ነበር፤ ለልጁ አይሰጥም። በዳግም ትንሣኤ ሰሞን ግን ቸኩሎ መጣ። 200 ብር ለልጁ አቀበለው፣ መልሱን ተቀበለ፣ ሳይቆጥር ኪሱ ከተተና ሞተሩን አስነሣ።