ርካሹ ቶርክ ሬንች በሞተር ይከፈላል
በግቢያቸው መኪና የሚጠግኑ ሸማቾች ሲገዙና ሲያስቀምጡ ሊያውቁት የሚገባ

መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ ውጭ የሆኑ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ማገዱን ይፋ አደረገ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ከሁለቱ ውሳኔዎች ወዲህ በእጅ ያለችውን የቤንዚን መኪና ጠብቆ ማቆየት ለባለንብረቱ ትልቅ ጉዳይ ሆኗል። በስህተት የተሰነጠቀ ቴስታታም ሆነ የተበላ ጥርስ የሚተካው በውጭ ምንዛሪ በተገዛ ዕቃ ነውና ጉዳቱ እንደ ቀድሞው ቀላል አይደለም።

እንዲህ ያለውን ኪሳራ ከሚከላከሉ መሣሪያዎች አንዱ ቶርክ ሬንች ነው። ይሁንና በቤት ውስጥ የመሣሪያ ሳጥን ቁልፉ፣ ፒንሳውና ካቻቢቴው ሲሟሉ ብዙውን ጊዜ የሚቀረው እሱ ነው። ከተገዛ በኋላም እንደማንኛውም ቁልፍ ሲወረወርና ሲረገጥ ይታያል። ቶርክ ሬንች ግን መለኪያ ነው፤ ሚዛን የሚፈልገውን ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ሥራው ብሎን ወይም ዳዶ በምን ያህል ኃይል እንደታሰረ መለካት ነው። ልኬቱ የሚገኘው እጅ የሚያሳርፈውን ኃይል በቁልፉ ርዝመት በማባዛት ሲሆን፣ የሚነገረውም በኒውተን ሜትር ነው። መሣሪያውን በመጀመሪያ የሠራው በኒው ዮርክ ከተማ የውሃ መሥሪያ ቤት ይሠራ የነበረው ኮንራድ ባር እንደሆነ ይነገራል፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1918 ነው። ችግሩ ያኔም የዛሬው ነበር፤ ሠራተኛው በግምት ሲያጠብቅ ብሎን ይበጠሳል ወይም ላልቶ ይቀራል።

ሦስት ዓይነት፣ ሦስት ጠባይ

የመጀመሪያው ባለ ዘንግ የሚባለው ነው። ብረቱ ሲታጠፍ ቀስት መሰል ጠቋሚው ቁጥሩን ያሳያል። ዋጋው ዝቅተኛ ነው፤ የሚያረጅ ስፕሪንግ ስለሌለውም ለብዙ ዓመት ያገለግላል። ጉድለቱ ቁጥሩን ፊት ለፊት ሆኖ ማንበብ የሚጠይቅ መሆኑ ነው፤ መኪና ሥር ተኝቶ ለሚሠራ ሰው አይመችም።

ሁለተኛው በጋራዥም በቤትም የተለመደው፣ የተፈለገው ልክ ላይ ሲደርስ “ቀጭ” የሚለው ነው። መያዣውን አዙሮ ቁጥሩን መሙላት ብቻ ይበቃል። ድምፁ እንደተሰማ ማቆም ግን ግዴታ ነው። “ለዋስትና” ተብሎ ሁለትና ሦስት ጊዜ ቀጭ የሚደረግ ከሆነ ልኬቱ ይታለፋል።

ሦስተኛው በባትሪ የሚሠራው ዲጂታል ነው። በአንድ መሣሪያ ብዙ ዓይነት መለኪያ ያነባል፤ ዋጋው ግን ከፍ ይላል፤ ባትሪውም ክትትል ይፈልጋል።

አይ.ኤስ.ኦ. 6789 የሚባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ከ10 ኒውተን ሜትር በላይ ለሚለኩ ቀጭ ባይ መሣሪያዎች የሚፈቅደው ስህተት ከ4 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ለባለ ዘንጉ የተፈቀደው 6 በመቶ ነው።

ትልቁ ሁሉን አይሠራም

ሸማቾች አዘውትረው የሚሳሳቱት “ትልቁ ትንሹንም ይሠራል” በሚለው ግምት ነው። ቀጭ የሚለው ዓይነት የሚታመነው ከከፍተኛው ቁጥሩ 20 በመቶ ጀምሮ ነው። በመሆኑም 200 ኒውተን ሜትር የሚደርስ መሣሪያ ከ40 በታች ሊታመን አይችልም። ለምሳሌ የበርካታ ቶዮታ ኮሮላ ሞዴሎች የጎማ ዳዶ የሚታሰረው በ103 ኒውተን ሜትር ስለሆነ ይህ መሣሪያ ተስማሚ ነው። ካንዴላ ግን እንደየዓይነቱ 20 ኒውተን ሜትር ገደማ ብቻ ስለሚፈልግ፣ በዚሁ ትልቅ ቁልፍ የሚያስር ሰው የአሉሚኒየም ቴስታታውን ጥርስ ሊበላ ይችላል።

ስለዚህ ለአንድ ግቢ በቂ የሚባለው ጥምረት ሁለት ነው፤ ለጎማና ለእግር ክፍሎች ከ40 እስከ 200 የሚደርስ ባለ ግማሽ ኢንች፣ ለካንዴላና ለቀላል የሞተር ብሎኖች ደግሞ ከ10 ወይም ከ20 የሚጀምር ባለ ሦስት ስምንተኛ ኢንች። አቅም ለአንድ ብቻ ከሆነ ትልቁን ማስቀደም ይሻላል፤ የላላ ጎማ የሚያመጣው አደጋ ከሁሉም ይከፋልና። የኤሌክትሪክ መኪና የገዙም ከዚህ አያመልጡም። ሞተሩ ቢለወጥም ጎማው በብሎን ወይም በዳዶ መታሰሩ አልቀረም።

የመለኪያው ስያሜ ይነበብ

ከአሜሪካ የመጣ መሣሪያ በፓውንድ ፉት፣ የቆየ የጃፓን መጽሐፍ ደግሞ በኪሎ ግራም ሴንቲ ሜትር ይናገራል። ያው የኮሮላ የጎማ ዳዶ በአንዱ 76፣ በሌላው 1,050፣ በሦስተኛው 103 ነው። አንድ ፓውንድ ፉት 1.356 ኒውተን ሜትር መሆኑን ያላስተዋለ ሰው 103ን በፓውንድ ፉት መስመር ላይ ቢሞላ 140 ኒውተን ሜትር ያህል ያስራል፤ ከሚገባው ከሲሶ በላይ ትርፍ ማለት ነው። ሁለቱም መስመሮች በግልጽ የተቀረጹበትን መምረጥ ይመከራል።

ሲገዛ ምን ይታይ?

እንደ ጀርመኑ ስታልቪለ፣ የጃፓኑ ቶኒቺ፣ የእንግሊዙ ኖርባርና የአሜሪካው ስናፕ ኦን ያሉ ስሞች በሙያው የታወቁ ናቸው። ኖርባር እ.ኤ.አ. በ2017 በስናፕ ኦን ተገዝቷል። ስም ባለበት ገበያ አስመስሎ የተሠራም አይጠፋምና ገዥው በሳጥኑ ላይ በተጻፈው ብቻ መርካት የለበትም። ከመሣሪያው ጋር የልኬት ምስክር ወረቀት መኖሩን፣ በወረቀቱ ላይ ያለው ተከታታይ ቁጥርም በብረቱ ላይ ከተቀረጸው ጋር አንድ መሆኑን ማየት ይገባል። የቁጥሩ መስመር በቀለም ብቻ ከተጻፈ በዘይት እጅ ቶሎ ይጠፋል።

አገልግሎት ላይ የዋለ መሣሪያ ከሶማሌ ተራም ሆነ ከምናለሽ ተራ የሚገዛ ሰው ደግሞ ቀላል ሙከራ ማድረግ ይችላል። የመሣሪያው አራት ማዕዘን ጫፍ በሞርሳ ይታሰርና ቁልፉ አግድም ይዘረጋል። ከጫፉ መሃል 40 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ፣ በመያዣው አካባቢ፣ 20 ኪሎ ሲንጠለጠል 78 ኒውተን ሜትር ያህል ይሆናል፤ የቁልፉ የራሱ ክብደት ጥቂት ይጨምርበታል። ቁጥሩ 70 ላይ ሲሞላ ቀጭ ማለት፣ 90 ላይ ሲሞላ ግን ዝም ማለት አለበት። ይህ ምስክር ወረቀትን አይተካም፤ ጨርሶ የተበላሸውን ለመለየት ግን ይበቃል።

አቀማመጡ ግማሽ ዕድሜው ነው

ቀጭ የሚለው ዓይነት ልኬቱን የሚያገኘው ውስጡ ካለው ስፕሪንግ ነው። ሥራ ካለቀ በኋላ 103 ላይ እንደተሞላ ለወራት ከተቀመጠ ስፕሪንጉ ተጨቁኖ ስለሚከርም ልኬቱ ሊዛባ ይችላል። ስለዚህ ሁልጊዜ ወደ ዝቅተኛው ቁጥር መመለስ አለበት። ከዝቅተኛው ቁጥር በታች መፍታት ግን የውስጥ አካሉን ከቦታው ያናጋል። ባለ ዘንጉ ይህን አይጠይቅም፤ ጠቋሚው እንዳይጣመም መጠበቅ ብቻ ይበቃዋል።

መቀመጫው የራሱ ሳጥን ነው። ከመዶሻና ከክሪክ ጋር በመኪና ኋላ ኪስ ውስጥ ሲንገላታ የሚውል ቶርክ ሬንች ትክክለኛነቱ አይታመንም። በክረምት ወራት ከሲሚንቶ ወለል ከፍ ብሎ ደረቅ ቦታ ላይ ቢቀመጥ ከዝገት ይድናል። ብዙዎች እንደ ሌላው ዕቃ በቤንዚን ወይም በናፍጣ ያጥቡታል፤ ይህ የውስጡን ግራሶ አጥቦ ያወጣል። በደረቅ ጨርቅ መወልወል በቂ ነው። ለረጅም ጊዜ ሳይነካ የቆየ ከሆነ ከሥራ በፊት በመካከለኛ ቁጥር ሦስትና አራት ጊዜ ቀጭ ማድረግ ግራሶውን ያዳርሳል።

የዛገ ብሎን ለመፍታት መጠቀም፣ መያዣው ላይ ቱቦ መቀጠል፣ ወለል ላይ መጣልም መሣሪያውን ከሚያበላሹት ናቸው። የወደቀ ቶርክ ሬንች እንደገና ሳይለካ ለሥራ መቅረብ የለበትም።

ዘይት የተቀባ ጥርስ

አንድ ብሎን ሲጠብቅ ከሚወጣው ኃይል 90 በመቶ ያህሉ የሚያልቀው ሰበቃን በማሸነፍ ነው፤ ብሎኑን የሚወጥረው 10 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። የጎማ ዳዶ ጥርስ ዘይት ከተቀባ ሰበቃው ስለሚቀንስ፣ ቶርክ ሬንቹ ትክክለኛውን ቁጥር እያሳየ ብሎኑ ከልክ በላይ ሊወጠር ይችላል። መጽሐፉ ካላዘዘ በስተቀር ጥርሱ ንጹሕና ደረቅ ይሁን። ጎማ ከተቀየረ በኋላም ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ተነድቶ እንደገና መፈተሽ ተገቢ ነው።

ለነጋዴው

ደረጃው መሣሪያው በየ12 ወሩ ወይም 5,000 ጊዜ ካሠረ በኋላ፣ ከሁለቱ በቀደመው እንዲለካ ይመክራል። ለቤት ተጠቃሚ ገደቡ የሚደርሰው በወሩ ነው፤ በቀን በርካታ ጎማ ለሚፈታ ጎሚስታ ግን 5,000 ጊዜ የጥቂት ሳምንታት ሥራ ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ ለዕቃ አስመጪው ሁለት ገበያ አለ፤ አንደኛው መሣሪያውን መሸጥ፣ ሁለተኛው ለሸጠው መሣሪያ በየጊዜው የማስለካት አገልግሎት ማቅረብ። ምስክር ወረቀት የሌለውን በርካሽ አራግፎ የሚሄድ ነጋዴ የዛሬውን ትርፍ ያገኝ ይሆናል፤ ቴስታታው የተሰነጠቀበት ደንበኛ ግን ለሌላ ዕቃ አይመለስለትም። ለገዥውም ቢሆን የዋጋው ልዩነት ሊመዘን የሚገባው ከሌላ ሬንች ዋጋ ጋር ሳይሆን ከአንድ ሞተር እድሳት ሒሳብ ጋር ነው።