ሕሙማንን ያማከሩ ጥናቶች

ፖዶኮኒዮሲስ በመባል የሚታወቀው የእግር እብጠት በእሳተ ገሞራ አካባቢ በሚገኝ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግራቸው የሚሠሩ ሰዎችን የሚያጠቃ ሕመም ነው። ከሰው ወደ ሰው ባይተላለፍም ሕሙማኑን ከጋብቻና ከማኅበራዊ ኑሮ ሲያገልል ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2013 በተካሄደ አገር አቀፍ ቅኝት ላይ የተመሠረተ ግምት እንደሚያሳየው በኢትዮጵያ 1 ነጥብ 5 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በዚህ ሕመም ተይዘዋል።

በወላይታ ዞን ሕመሙ ከዘር ጋር ያለውን ዝምድና ለማጥናት ያቀዱ ተመራማሪዎች በቅድሚያ የአካባቢውን ሕሙማንና ነዋሪዎች አነጋግረዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው ውጤት ሕሙማኑ በጥናቱ መሳተፋቸው መገለሉን ያባብስብናል የሚል ስጋት እንደነበራቸው አመልክቷል። "በዘር የሚመጣ ነው" የሚለው ቃል በመንደር ከተወራ መዘዙ ለጤነኛ ወንድምና እኅትም ይተርፋል። ለትዳር የደረሰች ልጅ ያለው ቤተሰብ ይህን በቀላሉ የሚያየው አይደለም። በመሆኑም ሕሙማኑ በሚያምኗቸው ሰዎች በኩል መቅረብ፣ እንዲሁም ተጋላጭነት በዘር ቢወረስም ሕመሙን የሚቀሰቅሰው አፈሩ እንደሆነና ጫማ እንደሚከላከለው ማስረዳት አስፈላጊ ሆኖ ተገኝቷል። የዘር ጥናቱም እ.ኤ.አ. በ2012 ለኅትመት በቅቷል።

በምሥራቅ ጎጃም ዞን የተካሄደው የሕክምና ሙከራም ተመሳሳይ ቅድመ ውይይት ተደርጎበታል። ከ696 ተሳታፊዎች ግማሽ ያህሉ እግርን በሳሙናና በፀረ ተሕዋስያን ውሕድ ማጠብን፣ ቅባት፣ ፋሻ፣ ካልሲና ጫማን ያካተተውን ሕክምና ወዲያውኑ ሲያገኙ፣ የቀሩት አንድ ዓመት መጠበቅ ነበረባቸው። እንዲህ ያለው ጥበቃ አስቀድሞ ካልተነገረ ቅሬታ ማስከተሉ አይቀርም።

ሕመሙ የሚያገረሽባቸውን ጊዜያት በየዕለቱ ይመዘግቡ የነበሩት ሕሙማኑ ራሳቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ የሆነው ውጤት እንዳመለከተው ሕክምናው የዘገየባቸው በአማካይ በዓመት 23 ነጥብ 9 ጊዜ ሲያገረሽባቸው፣ ሕክምናውን ቀድመው ያገኙት ግን 19 ነጥብ 4 ጊዜ አገርሽቶባቸዋል። ያለ ሕሙማኑ መዝገብ ይህን ልዩነት ማወቅ አዳጋች በሆነ ነበር።

በየደረጃው የሚገኙ ኃላፊዎች ሊያስተውሉት የሚገባ ጉዳይ አለ። ተመራማሪዎች ወደ ቀበሌ ሲመጡ ለአስተዳደሩ የሚያቀርቡት የትብብር ደብዳቤ ሥራ ለመጀመር ይረዳል እንጂ የታማሚውን ስምምነት አይተካም። በሊቀ መንበር ወይም በአገር ሽማግሌ ፊት "ፈቃደኛ ነህ?" ተብሎ የሚጠየቅ አርሶ አደር እምቢ ለማለት ይቸገራል። ስለዚህ ታማሚው ለብቻው፣ በሚረዳው ቋንቋ ሊጠየቅ ይገባል፤ በመሐል ቢያቋርጥም በጤና ጣቢያው የሚያገኘው አገልግሎት እንደማይቀርበት አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል።