በጥላ የሚነጠፍ ጽድ

ጽድ ሲባል ለብዙዎቻችን ዓይናችን ላይ የሚመጣው ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የተመዘዘ፣ የቤተ ክርስቲያን ቅጽር የሚያጅብ ዛፍ ነው። ከዚያው ቤተሰብ ግን ቁመት የናቀ፣ ስፋት ብቻ የሚያሳድድ አንድ ቁጥቋጦ አለ። በሳይንሳዊ ስሙ ሚክሮቢዮታ ዴኩሳታ ይባላል፤ አትክልተኞች የሳይቤሪያ ጽድ ወይም የሩሲያ ጽድ ይሉታል። ከፍታው ከጉልበት እምብዛም አያልፍም። ዓመታት ካገኘ ግን ወደ ጎን ሦስት ሜትርና ከዚያም በላይ ይንሰራፋል። ቅርንጫፎቹ እንደ ላባ ጠፍጣፋ ናቸው፤ ጫፋቸው ወደ መሬት ደፋ ይላል። ከሥራቸው አረም ብርሃን አጥቶ ይቀራል።

የትውልድ ቦታው በሩሲያ ሩቅ ምሥራቅ የሚገኘው የሲሆቴ አሊን ተራራ ሰንሰለት ነው፤ የሳይቤሪያው ታይገር የሚዘዋወርበት አገር። በዱር ከዚያ አካባቢ ውጭ አይገኝም። ዛፍ መብቀል ከሚያቆምበት ከፍታ በላይ ድንጋያማውን ተዳፋት ይሸፍናል፤ ዝቅ ባለው ቦታ ደግሞ በደን ጥላ ሥር ይኖራል። ሩሲያውያን ብርቅና ለአደጋ የተጋለጡ ፍጥረታትን በሚመዘግቡበት ቀይ መጽሐፍ ውስጥም ሰፍሯል።

የተገኘበት ጊዜ ራሱ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1921 በቭላዲቮስቶክ አካባቢ ሲገኝ የሩሲያ የርስ በርስ ጦርነት አላበቃም፤ ከተማዋም በቦልሼቪኮች ተቃዋሚዎች እጅ ነበረች። በ1922 ጥቅምት የቦልሼቪኮቹ ቀይ ጦር ገባ። የዕፅዋት ሊቁ ቭላዲሚር ኮማሮቭ ተክሉን ለሳይንስ ዓለም ያስተዋወቀው በ1923 ነው። መንግሥት ሲገለበጥ ቅጠል የሚለቅምና የሚመዘግብ ሰው መኖሩ ያስገርማል። ኮማሮቭ ኋላ የሶቪየት ሳይንስ አካዳሚ ፕሬዚዳንት ሆነ፤ በሴንት ፒተርስበርግ ያለው የዕፅዋት ጥናት ተቋምም በስሙ ይጠራል። ቭላዲቮስቶክ ግን ለረጅም ዘመን ለውጭ ሰው የተዘጋች ከተማ ስለነበረች፣ ተክሉ በአውሮፓና በአሜሪካ ግቢዎች እስኪለመድ አሥርት ዓመታት ፈጅቷል።

ለአትክልተኛ ዋናው ጉዳይ ጥላው ነው። መሬት ለመሬት የሚሳቡ የጽድ ዘመዶች ሞልተዋል፤ በየመኪና ማቆሚያው ዳር የሚታየው ጁኒፐር ከነሱ አንዱ ነው። ጁኒፐር ግን ያለ ፀሐይ አይሆንለትም። ጥላ ሲያገኘው ይሳሳል፣ ከመሐሉ ይመለጣል። ሚክሮቢዮታ በቀን ጥቂት ሰዓት ብርሃን ካገኘ ጥቅጥቅ ብሎ ያድጋል። ችግኝ ሻጮች «ጥላ ይወዳል» የሚሉትን ግን እኔ አልቀበልም። ይታገሣል እንጂ አይወድም፤ ድቅድቅ ጥላ ውስጥ ቢተርፍም ቅጠሉ ሳስቶ መሬቱን መሸፈን ያቅተዋል።

ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ የሚደርስ ብርድ ይችላል። ስለዚህ ሚኒሶታ ወይም ስቶክሆልም ለከተመ ወገናችን፣ ከቤቱ በስተሰሜን ሣር አልበቅል ያለበት ያ ጠባብ መሬት የዚህ ተክል ቦታ ነው።

አንድ ባሕርዩ ግን አዲስ ባለቤትን ያስደነግጣል። በጋ ለምለም አረንጓዴ የነበረው ቅጠል ክረምቱ ሲጠነክር ወደ ቡናማና ወይን ጠጅ ይለወጣል፤ ፀሐይ በሚያገኘው ቦታ ይበልጥ ይጠቁራል። የሞተ መስሏቸው ነቅለው የሚጥሉ አሉ። የጸደይ ሙቀት ሲመጣ ያው ቅጠል መልሶ አረንጓዴ ይሆናል፤ አልረገፈም፣ አልደረቀም። ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነገር ለሚፈልግ ሰው ግን ይህ ተክል አይሆነውም፤ ከመግዛቱ በፊት ቢያውቀው ይሻላል።

በእውነት የሚገድለው ብርድ ሳይሆን ውሃ ነው። ከድንጋያማ ተዳፋት የመጣ በመሆኑ ውሃ የሚቋጥር ዋልካ ላይ ሥሩ ይበሰብሳል። ተዳፋት ከተገኘ እሰየው፤ የሜዳ መሬት ከሆነ ግን አፈሩን ከፍ አድርጎ መደብ ማበጀት ነው። በችግኞቹ መካከል አንድ ሜትር ከግማሽ ያህል መተው ያስፈልጋል። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት እድገት አዝጋሚ ስለሆነ ባዶው ቦታ ያሳፍራል፤ እስኪሞላ ድረስ በእንጨት ቅርፊት ጉዝጓዝ መሸፈን አረሙንም ያስታግሳል፣ እርጥበቱንም ይይዛል። በነዚያ ዓመታት ድርቅ ሲሆን ውሃ አይንፈጉት። ግረዛ ብዙም አያሻውም። ካሻውም አረንጓዴውን ጫፍ ብቻ ነው፤ ቅጠል አልባ ወደሆነው አሮጌ እንጨት ገብቶ የቆረጠ ሰው ያ ቦታ ዳግም ያቆጠቁጣል ብሎ አይጠብቅ። የሚባዛው በአብዛኛው ከቅርንጫፍ በሚወሰድ ቁራጭ ነው። ፍሬው እንደሆነ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ የምትሆን፣ ከጽድ ዘመዶች ፍሬ ሁሉ ከትንንሾቹ የምትመደብ ናት፤ ፈልጎ ማግኘቱ ራሱ ሥራ ነው።

የዋሽንግተንና የአትላንታ ሰው ግን ከዚህ ተክል ጋር ባይደክም ይመረጣል፤ ወበቁና የሞቀው እርጥብ አፈር አይስማማውም። ለዚያ አየር ሴፋሎታክሰስ የሚባለው የምሥራቅ እስያ ተክል ዝቅ ብሎ የሚያድገው ዓይነት ይሻላል፤ ሙቀቱንም ጥላውንም ይችላል፣ አጋዘንም እምብዛም አይነካውም። ታክሰስ የሚባለው ተክል ተንሰራፊ ዓይነት ደግሞ ከሁሉም ይልቅ ጥላ ይችላል፤ ነገር ግን ቅጠሉም ዘሩም መርዝ ነው። ቀይ ፍሬው ሕፃን ይስባልና ልጆች በሚሯሯጡበት ግቢ እኔ አልተክለውም። አጋዘን ግን በመርዙ ሳይሰጋ በክረምት እስከ ግንዱ ይግጠዋል።