ምስጢር ጠባቂው አልማዝ

ባለፈው ዓመት ልጄ ሦስተኛ ልጇን ስትገላገል አራስ ልጠይቅ ኔዘርላንድስ፣ ሄግ ከተማ ሄጄ ነበር። አንድ ቀን የአሥራ አምስት ዓመቱ የልጅ ልጄ ጎረቤት ያለችውን የዴልፍትን ከተማ ሊያሳየኝ በባቡር ይዞኝ ሲሄድ፣ በመስኮቱ እያመለከተ «እማማ፣ እዚህ አካባቢ ከመሬት ሥር የተቀበረ ገመድ አለ። በዚያም በዚህም ጫፍ አልማዝ አለ። አንድ ቀን ምስጢር ይጠብቃል» አለኝ። አማርኛው አንዳንዴ ስለሚያደናቅፈው የተሳሳተ መሰለኝ። እኔ የማውቃቸው አልማዝ የሰፈራችን እትዬ አልማዝ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ጠዋት የሰሙትን ከምሳ በፊት ሰፈሩ ሁሉ ይሰማዋል።

ልጁ ግን አልተሳሳተም። ነገሩም ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሐሳቤ አልወጣም፤ ምክንያቱም የምስጢር ጉዳይ የሥራዬ ጉዳይ ነበር።

ከሠላሳ ዓመት በላይ በነርስነት ሠርቻለሁ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በምሠራበት ጤና ጣቢያ የአንዲት እናት የደም ምርመራ ውጤት ከካርድ ክፍል ወጥቶ ሰፈር ደረሰ። ሳምንት ሳይሞላ አከራይዋ ዕቃዋን ደጅ አወጣባት። ከበሽታው ይበልጥ የሰበራት እሱ ነበር። ከዚያ በኋላ የመዝገብ ሳጥኑን ቁልፍ ከማተቤ ጋር አንገቴ ላይ አሥሬ ኖርኩ።

ዛሬ ያ ሳጥን ኮምፒውተር ሆኗል። ቁልፉም ሒሳብ ነው፤ የተለመደው ኮምፒውተር ሊፈታው እጅግ የሚከብደው ሒሳብ። እ.ኤ.አ. በ1994 ግን ፒተር ሾር የተባሉ አሜሪካዊ የሒሳብ ሊቅ፣ ኳንተም ኮምፒውተር የሚባለው ማሽን በበቂ መጠን ከተሠራ ከእነዚህ ቁልፎች ብዙዎቹን ሊፈታ እንደሚችል አሳዩ። ማሽኑ ገና እዚያ አልደረሰም። ሌባ ግን የተቆለፈውን ፋይል ዛሬ ሰርቆ፣ መክፈቻው እስኪገኝ ሊያስቀምጠው ይችላል። የባንክ የይለፍ ቃል ይቀየራል፤ የአንድ ሕፃን የጤና መዝገብ ግን እስከ እርጅናው ይከተለዋል።

ታዲያ አልማዙ ምን ያደርጋል? አልማዝ የካርቦን አተሞች በሥርዓት የተደረደሩበት ድንጋይ ነው። አንድ አፍ ጥርስ አስቡ። አንዱ ጥርስ ወጥቶ በወርቅ ተተክቷል፤ ከጎኑ ያለው ደግሞ ወልቆ ክፍት ቀርቷል። በአልማዙም ውስጥ እንዲሁ አንድ ካርቦን በናይትሮጂን ሲተካ፣ ከአጠገቡ ያለው ቦታም ባዶ ሲሆን «የቀለም ማዕከል» የሚባለው እንከን ይፈጠራል። ስሙን ያገኘው ብርሃን ስለሚቀበልና ስለሚሰጥ ነው፤ አረንጓዴ ብርሃን ሲያበሩበት ቀይ ይመልሳል።

በዚያ ክፍት ቦታ የሚቀመጥ ኤሌክትሮን እንደ ቅንጣት ማግኔት ነው። የተለመደው ኮምፒውተር መረጃውን በ0 ወይም በ1 ይይዛል። ይህ ኤሌክትሮን ግን እስኪለካ ድረስ ሁለቱንም አጣምሮ ሊይዝ ይችላል፤ ኩቢት የሚሉት ይህንን ነው። ጠንካራው አልማዝ ከውጭ ረብሻ ይከልለዋል፣ በአቅራቢያው ያሉ አንዳንድ የካርቦን አተሞችም እንደ ማስታወሻ ደብተር ያገለግሉታል። ለጌጥ ቤት ነውር የሆነው እንከን ለእነዚህ ሰዎች ዋናው ሀብት ነው።

ከዚያም ከሁለት አልማዞች የሚወጣውን ብርሃን አገናኝተው ሁለቱን ኩቢቶች ያቆራኟቸዋል። አንዱ ሲለካ የሚሰጠው መልስ ከሌላው መልስ ጋር ይያያዛል። ይህን ስሰማ የማዋለጃ ክፍል ትዝ አለኝና «ገባኝ፣ እንደ መንታ ነው! አንድ ዓይነት መንትዮች ከሆኑ አንዷን ሴት ስታያት ሌላዋም ሴት መሆኗን ታውቃለህ» አልኩት።

«አይደለም እማማ» አለ። «የመንትዮቹ ጾታ አንቺ ሳታዪውም ተወስኗል። እዚህ ግን ሳይለካ በፊት የተወሰነ መልስ የለም።»

እ.ኤ.አ. በ2015 የዴልፍት የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ሮናልድ ሃንሰን ከባልደረቦቻቸው ጋር የፈተኑት ይህንኑ ነበር። 1.3 ኪሎ ሜትር ተራርቀው የተቀመጡ ሁለት አልማዞች የሰጡት መልስ፣ እያንዳንዳቸው አስቀድመው በኪሳቸው በያዙት መልስ ሊብራራ የማይችል ሆኖ ተገኘ። የምስጢሩ ነገር እዚህ ላይ ነው፦ አስቀድሞ ያልተጻፈን መልስ ማንም ሊገለብጠው አይችልም። በመንገድ ላይ ጆሮውን የሚጥል ካለም ቁርኝቱን ስለሚያበላሸው ዱካው ይታወቃል።

የልጅ ልጄ ያሳየኝ ገመድ ሥራ ውጤት እ.ኤ.አ. በ2024 ታተመ። በዴልፍትና በሄግ ያሉ ሁለት አልማዞች ከመሬት ሥር በተዘረጋ 25 ኪሎ ሜትር የፋይበር ገመድ ተቆራኙ። ቀዩ ብርሃን በፋይበር ውስጥ ቶሎ ስለሚደክም፣ ቀለሙን ሩቅ ወደሚጓዝ ብርሃን ለውጠው ነው ያሳለፉት። በዚያው ዓመት የሃርቫርድ ተመራማሪዎች በናይትሮጂን ፋንታ ሲሊከን ባለበት አልማዝ ተጠቅመው፣ በቦስተን አካባቢ 35 ኪሎ ሜትር በሚሆን ፋይበር ተመሳሳይ ቁርኝት ፈጠሩ። ብዙ አልማዞችን በብርሃን አገናኝቶ አንድ ትልቅ ኮምፒውተር የመሥራትም ሐሳብ አለ።

ይህ ሁሉ ገና የላብራቶሪ ሥራ ነው። የዴልፍቶቹ አልማዞች ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ በሆነ ቅዝቃዜ ይቀመጣሉ፤ አንድ ቁርኝት ለማግኘትም ሙከራው እጅግ ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። ስለዚህ «ኳንተም» ተብሎ ለጤና የሚሸጥ አምባር ወይም ሐብል ቢያመጡላችሁ ከዚህ ሥራ ጋር ምንም አያገናኘውም፤ ገንዘባችሁን ያዙ። የአሜሪካው የስታንዳርድ ተቋም ደግሞ በነሐሴ 2024 (እ.ኤ.አ.) አልማዝ የማያስፈልጋቸው፣ ኳንተም ኮምፒውተርን እንዲቋቋሙ የተዘጋጁ አዳዲስ የሒሳብ ቁልፎችን አውጥቷል። ልጆቻችሁ ባንክ፣ ሆስፒታል ወይም ቴሌኮም የሚሠሩ ከሆነ «ወደ አዲሱ ቁልፍ መቼ ነው የምትሸጋገሩት?» ብላችሁ ብትጠይቋቸው ጥያቄው የሊቅ ነው።

ስንመለስ በባቡሩ ውስጥ ልጁን አንድ ነገር ጠየቅሁት። «ገመዱን አልማዙ ጠበቀው እንበል። ጫፉ ላይ የተቀመጠው ሰው ቢያወራስ?»

ሳቀና «እሱንማ አልማዙ አይችልም» አለኝ።

ያቺ ዕቃዋ ደጅ የወጣባት እናት ትዝ አለችኝ። የእሷን ምስጢር ያወጣው የተሰበረ ቁልፍ አልነበረም፤ ቁልፉ በእጁ ያለ ሰው ነበር። ማታ ቤት ስንገባ ስልኬን አወጣሁ። ሙሉ ስሟና የተወለደችበት ቀን የሚታይበትን የአራሷን ልጅ የክትባት ካርድ በደስታ ፎቶ አንስቼ፣ ስልሳ ሰው ባለበት የቤተሰብ የቴሌግራም ግሩፕ የለጠፍኩት እኔው ነበርኩ። አጠፋሁት። እናንተም ዛሬ ስልካችሁን አንዴ አየት አድርጉ።